የቁጥር አሥራ ሰባት እርምጃ

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ሌሊት ሌሊት የሚያስነሣሽ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ምግብሽንስ በሰዓቱ ትበያለሽ? ሰውን ስለ ጤና የሚያስተምር ሰው ራሱ ቁርስ ሳይበላ እንደሚውል ስለማውቅ ነው የምጠይቅሽ። አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ።

እኔ ደኅና ነኝ። ልብ ብለሽ አንብቢ፤ እኔ ነው ያልሁት። ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎቼ ሁላችንም ደኅና ነን ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ዛሬ ያን ቃል እጄ አልጽፍም አለኝ።

የግንቦት ሃያ በዓል ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ የድምፅ ማጉያው ዘፈን ከአደባባዩ እስከ እኛ ግቢ ይሰማል። እናትሽ ከጎረቤታችን ከሀብትነሽ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። እኔ ጓዳ ገብቼ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩ ከእሷ እጅ አይወጣም፤ ቢወጣም ጆሮዋ አብሮ ይወጣል። ይህን ወረቀት መምህር ታደለ ነገ በጠዋቱ መኪና ይዞልሽ ይመጣል።

ያለፈው ሳምንት ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከሃያ አራቱ የጥናትሽ ሰዎች መካከል በመዝገብሽ ቁጥር አሥራ ሰባት የሆነችው እናትሽ ግራ እንዳጋባችሽ ጽፈሻል። በሚያዝያ ወር ከሁሉም በላይ የተራመደች እሷ ሆና ሳለ ስኳሯ በመውረድ ፈንታ መውጣቱ አስገርሞሻል። አማካሪሽም ይህ ነገር ለብቻው ይጻፍ ብለውሻል። እኔን የከበደኝ ግን የመጨረሻው መስመር ነው። እናቴን በቀን አሥር ሺህ እርምጃ ታድርሰው በሉልኝ ብለሻል።

ልጄ፣ የቁጥር አሥራ ሰባት ነገር ምርምር አያሻውም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከሥሩ ልጀምር፤ የመምህር አመል አይለቅም። ኅዳር ላይ መጥተሽ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸውን ሰዎች ሰብስበሽ፣ ያን የክብሪት ቀፎ የሚያህል እርምጃ ቆጣሪ ለያንዳንዳቸው ወገባቸው ላይ ስታስሪ፣ እኔን መዝገብ ያዥ አደረግሽኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየዞርሁ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ በወር አንድ ቀን ደግሞ ሲስተር ያምሮት ደም ወስዳ ስኳሩን ትለካለች። ሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ይህች አታቅተውም ብለሽ ነው። ሥራውን ወድጄው ነበር። እንዳለው የሚባለው ባለጋሪ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አርባ ሺህ እርምጃ ያስመዘገበ ጊዜ፣ የጋሪው መንገጫገጭ መሆኑን የደረስሁበት እኔ ነኝ። ፈረስህ የሄደው ላንተ አይቆጠርም ብዬ ሳምንቱን በሙሉ ሰረዝሁበት፤ ሰው ሁሉ ሳቀበት። ዛሬ እንዳለው በመንገድ ሲያልፍ ዓይኑን ማየት አልችልም።

እናትሽ እንዴት እንደተራመደች ብታዪ! ጠዋት ጠዋት በቡሬ መንገድ እስከ ድልድዩ ደርሳ ትመለሳለች። ጥርና የካቲት ስኳሯ የወረደው እውነት ነው፤ ያን አትሰርዢው። እኔም አንዳንድ ቀን አብሬያት እወጣለሁ። አብሬያት ማለቴ ከፊቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከፊት ከፊቷ እንደሄድሁ አለሁ፤ እሷም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጀርባህን ለማየት ነው ወይ ያገባሁህ እያለች ታጉረመርማለች።

አሁን ወደ ጭንቁ ልግባ። ስለ እግሬ ለልጄ አንዲት ቃል ብትጽፍ መድኃኔዓለም ይፍረድብህ ብላ አስምላኛለች። የማልሁት በመድኃኔዓለም ነውና መሐላዬን አልበላም። ስለ እግሯ አልጽፍም። ስለ ጠጠር ግን አላስማለችኝም፤ ስለ ራሴ እግርም አላስማለችኝም።

የመጋቢት መድኃኔዓለም ዕለት ነው። ከንግሥ ስንመለስ ቆጣሪዋ አሥራ አንድ ሺህ አልፎ ነበርና እንደ ሕፃን ደስ ብሏት በየመንገዱ ታሳያለች። ደክሟት ስለነበር ጫማዋን እኔ አወለቅሁላት። ከውስጡ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ወጣች። ደም ነበረባት። እናትሽ ከየት መጣች ብላ ገርሟት አየቻት እንጂ አላወቀቻትም። እኔ አንድ እርምጃ የማልታገሣትን ጠጠር እሷ ቀኑን ሙሉ ረግጣት ዋለች። ስኳር የእግርን ስሜት እንደሚወስድ ነግረሽን ነበር፤ ሰምተንሻል፣ ግን ጫማ አራግፉ ያለን የለም፤ እኛም አልጠየቅንሽም።

ከዚያ ዕለት በኋላ እናትሽ ከቤት መውጣት ተወች፤ ቆጣሪው ዜሮ ማለት ጀመረ። እሑድ መዝገቡን ስገልጥ እጄን ያዘችኝ። ልጃችን ዜሮ ካየች ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች፤ አንተ ተራመድልኝ አለች። ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ማታለል ነው አልኋት። ተቆጣች። ባደግሁባት በፈረስ ቤት አባቴ የታመመ ዓመት አገሩ ደቦ ወጥቶ አረሰለት፣ አረመለት፣ አጨደለት፤ እህሉ የማን ጎተራ ገባ? የአባቴ አይደለም ወይ? ሌላ ሰው አርሶታልና ያንተ አይደለም ያለው አለ? ብላ አፋጠጠችኝ። የታመመን ሰው ሥራ ጎረቤት ሲሠራለት የሠራው እሱ እንደሆነ እየተቆጠረ ነው ያደግነው። ቆጣሪውን ወሰድሁና ቀበቶዬ ላይ አሰርሁት።

ጥሩ አድርጌ ልሥራው ብዬ ደግሞ እርምጃዬን አሳጠርሁ። የእሷ እርምጃ አጭርና ፈጣን ነው፤ ቁጥሩ የእሷን እንዲመስል እንደ እሷ መራመድ ተማርሁ። ዳገቱ ላይ የምትቆምበት ቦታ እቆማለሁ፣ ሰላም የምትላቸውን ሴቶች ሰላም እላለሁ። ሠላሳ ዓመት ለምን ከኋላ እንደምትቀር ያወቅሁት ያኔ ነው። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ሰው ሳትጠይቅ ስለማታልፍ ነው። ቀበቶዬም ሁለት ቀዳዳ ጠበቀ። መንደሩ መምህሩን ስኳር ያዛቸው ይላል።

እንግዲህ ግራ የተጋባሽው በዚህ ነው፤ እርምጃው የእኔ፣ ደሙ የእሷ ነበር። ሲስተር ያምሮት ቁጥሬን አታይም፣ እኔ የደሙን ውጤት አላይም፤ ሁለቱ የሚገናኙት አንቺ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ያን አላሰብሁትም። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ስንቱን ልጅ ከጓደኛው ገለበጠ ብዬ ወረቀቱን ቀድጄበታለሁ! አሁን የገዛ ልጄን ወረቀት አበላሸሁ። ይቅር በዪኝ ማለት ያሳፍረኛል፤ ይቅር በዪኝ።

ሚያዝያ 24ን አውጥተሽ ተመልከቺ። አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ይላል፤ በመዝገብሽ ካለው ሁሉ ትልቁ ቁጥር ነው። ያን ቀን የትም አልሄድሁም። ከጠዋት ጀምሮ የሆስፒታሉን ግቢ ስዞር ነው የዋልሁት፤ ሐኪሞቹ ከቀዶ ጥገናው ክፍል እስኪወጡ ድረስ። በማግስቱ ስትደውዪ የምን ጫጫታ ነው ብለሽ ስትጠይቂያት ገበያ ነኝ ያለችሽ ትዝ ይልሻል? ገበያ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምወለውለው ጫማ ሦስት ነው። ሁለቱ የእኔ ናቸው።

ከዚህ በላይ ካልሁ መሐላዬን እበላለሁ።

እንዲህ አድርጊ። ከመጋቢት 28 እስከ ግንቦት 18 ያለውን የቁጥር አሥራ ሰባት እርምጃ በሙሉ ሰርዢው። አማካሪሽ ለምን ካሉ አባቴ ነው አጥፊው በያቸው፤ ስሜን ጻፊ፣ አላፍርም። አልዋሽሽም፣ አፍራለሁ፤ ግን ጻፊው። በመዝገቡ መጀመሪያ ገጽ ላይ ደግሞ፣ ከእርምጃው በፊት፣ ጫማ ይራገፍ፣ ማታ ውስጥ እግር በመስታወት ይታይ ብለሽ አስገቢልኝ። እኔ ሳልጠይቅሽ ጀምሬዋለሁ። እሑድ በየደጁ ስደርስ ቁጥሩን ከመጻፌ በፊት ጫማ አስወልቃለሁ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ጫማዬን በወንድ ፊት አላወልቅም ብላ ሁለት ሳምንት አስቸገረችኝ፤ ትናንት አውልቃ አራገፈች፣ ቁራጭ እሾህ ወጣ። እኔም ቁጥሯን ጻፍሁ።

አንቺ ግን ጫማ ገዝቼ የላክሁላት፣ ተራመጂ ያልኋት እኔ ነኝ እያልሽ ራስሽን እንዳትበዪ። ጥርና የካቲት ስኳሯን ያወረደው እርምጃ ነው፤ ደስታዋንም አይቻለሁ። የጎደለው ጫማውን የሚያይ ሰው ነበር፤ እሱም ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር።

ፈተናሽን ጨርሰሽ ነዪ። ስትገቢ መሬት መሬት አትዪ፣ ፊት ፊቷን እዪ። እንዳታለቅሺ አልልሽም፤ በረንዳው ላይ ጨርሰሽ ግቢ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ክንዱ የሚባለው አናጢ ባለፈው ዓርብ ከዋንዛ የሠራቸውን ሁለት ምርኩዞች አምጥቷል፤ ለማን እንደሆኑ አልጽፍም። ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ እናትሽ ቆጣሪዬን መልስልኝ አለች። ከቀበቶዬ ፈትቼ ሰጠኋት፣ ራሷ ወገቧ ላይ አሰረችው። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው። ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች፤ ልያዝሽ ብላት በዓይኗ መለሰችኝ። ስትቀመጥ ቆጣሪውን አንብባ ጻፍ አለችኝ፣ ትንሽ ነው ብለህ ደግሞ እንዳትጨምርበት።

ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ግንቦት 19፣ አርባ ሦስት። አንዱንም እኔ አልተራመድሁትም። ከኋላዋ ነበርሁ።

መድኃኔዓለም ከክፉ ይሰውርሽ፤ የጀመርሽውን ያስፈጽምሽ፤ መንገድሽን ጠጠር የሌለበት ያድርግልሽ።

የሚወድሽ፣
አባትሽ