ፎንቱ እንዳይገኝ ስለት የገባ ሰፈር

ይድረስ ለአባዬ፣

«ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ብዬ አልጀምርም፤ አንተ ያለህበት ጤና የሚጠየቅበት ቦታ አይደለም። «ካንተ ናፍቆት በቀር እኛ ደህና ነን» ብዬም አልጀምርም። ናፍቆቱ እውነት ነው፣ ደህናው ግን ውሸት ነው። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። መቃብርህ ዘንድ መጥቼ እንዳልነግርህ እማዬ አጠገቤ ትቆማለች፤ እሷ ባለችበት የምለው ሁሉ ወደ ለቅሶ ይዞራል። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሱቁ አልተዘጋም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እከፍተዋለሁ፤ የቢሮ በር ስም ይሁን የሰርግ ጌጥ፣ የመጣውን ጽሑፍ በመቁረጫ ማሽኑ ከፕላስቲክ ላይ እቆርጣለሁ። እማዬ «ዓይንሽን ያጠፋዋል» ስትለው የኖረችውን ኮምፒውተር አሁን ሥራ ስጨርስ በብርድ ልብስ ትሸፍነዋለች። እንዲሞቀው ይሁን እኛን እንዳያይ አልጠየቅኳትም። ኮትህን ደግሞ ለጋሽ በየነ ሰጠቻቸው፤ የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸውና ለክብራቸው ይሆናል ብላ። እጅጌው ጣታቸውን ውጦ ያስቀረዋል። ሰው ላይ ጣት መቀሰር እንደሚወዱ ታውቃለህ፤ አሁን ግን ከመቀሰራቸው በፊት እጃቸውን መፈለግ አለባቸው፤ እስኪያገኙት ንዴታቸው ይበርዳል። ከሞትክ ወዲህ ለሰፈሩ ሰላም ያዋጣኸው ይህንን ነው።

የውጪው ወሬ ግን አያስቅም። ከኛ በታች ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚወስደው የቤት ረድፍ ፈርሷል። የጭቃ ቤት ሲወድቅ እንዳሰብኩት አይጮህም፤ ወፍራም ሰው ደክሞት ቁጭ ሲል የሚያወጣውን ዓይነት ትንፋሽ ያወጣል፣ ከዚያ አቧራው ይመጣና ዳቦው ላይ ያርፋል። የሄዱት ሰዎች ውሾች የኛን በር ይዘዋል። አይጮሁም፤ ዝም ብለው ያዩናል። የታክሲ ረዳቶቹም የመታጠፊያችንን ስም መጥራት ትተዋል፤ «ወራጅ አለ» ብለን ካልጮህን ያልፉናል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ መንገዳችን መሃል የተተከለው ጫፉ ቀይ የሆነ ችካል ነው። ሲተከል ያየ ሰው የለም። የሚፈርሰው ከችካሉ ወዲያ ያለው ይሁን ከችካሉ ወዲህ ያለነው፣ የሚያውቅም የለም። ጋሽ በየነ ግን «ወዲያ ነው» ብለው ወስነዋል። ለምን ሲባሉ «እኔ ወዲህ ስላለሁ» አሉ።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው ሰውየው ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ የመጣው። ቀጭን፣ ትሁት፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ሰፈሩ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ሳለ ጫማው ላይ አንዲት ጠብታ አልነበረችም፤ በየት በኩል እንደመጣ እስካሁን አይገባኝም። በርጩማህ ላይ ተቀመጠና እማዬን እንደምን ናት ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ስቴንስል አዘዘ፤ ፊደሉ ከፕላስቲክ ላይ ተቆርጦ ወጥቶ፣ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ቀለም የሚነፋበትን ዓይነት። ጽሑፉ ሁለት ቃል ነው፤ «ለልማት የሚፈርስ»። ለየትኛው ሰፈር ነው አልኩት። «ለሚያስፈልገው» አለኝና ፈገግ አለ።

ሲሄድ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍኩት። እንዳስተማርከኝ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ ቀን «አንቺ ፊደል ታያለሽ፤ ማሽኑ ግን ፊደል አልቆጠረም። የሚሄድበትን መንገድ አሳዪው» ብለኸኝ ነበር። ጽሑፉ ወደ ቅርጽ ካልተለወጠ ማሽኑ ንቅንቅ አይልም። የዚያ ትእዛዝ ስም በእንግሊዝኛ ኤክስፕሎድ ስለሆነ አንተ ማፈንዳት ነበር የምትለው፤ ስልክ ይዘህ መንገድ ላይ «ዛሬ አንድ ትምህርት ቤትና ሁለት ዳቦ ቤት አፈንድቻለሁ» ስትል እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ትጭን ነበር። አንዴ ከፈነዳ በኋላ ቃሉ ቃል መሆኑ ይቀራል፤ መስመር ብቻ ነው፣ ስህተት ቢኖርበት እንደ ጽሑፍ ማረም የለም። ለዚህ ነው «ሳታፈነጂው በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢው» የምትለኝ። «ጸጉር ቤት» ብሎ ያዘዘህን ሰውዬ «ጸጉር ቢት» ብለህ የቆረጥክለት ቀን ነው ይህንን ሕግ ያወጣኸው፣ ሰሌዳው አሁንም የሽንት ቤታችን በር ሆኖ እያገለገለ ነው።

ሕግህን አክብሬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እማዬ እጇ አረፋ እንደሆነ ከጓዳ ወጣች። ምን አልሽ አላለችኝም፤ ሰምታለች። ቆማ ስክሪኑን አየች፣ ከዚያ ግድግዳችንን አየች፣ ተመልሳ ገባች።

እኔም አላፈነዳሁትም። ሰውየው በሳምንቱ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ በጥያቄ ምልክት የተሞላ መስመር አሳየሁት። ፎንቱ ጠፍቷል አልኩት፤ የፊደሎቹ መልክ የሚቀመጥበት ፋይል ማለት ነው፣ እሱ ከሌለ ኮምፒውተሩ አማርኛ ስታዘው ይጠይቅሃል እንጂ አይጽፍልህም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰውየው «ይገኛላ» አለና በትሕትና ሄደ።

ለእማዬ ብቻ ነበር የነገርኩት። በነጋታው እድር ላይ ጋሽ በየነ ተነሥተው፣ እጃቸውን ከኮትህ ውስጥ ፈልገው አውጥተው፣ «ጉዳዩ ያለው ፎንት ዘንድ ነው፤ ፎንት እስካልተገኘ ማንም አይነካንም» ብለው አወጁ። ግማሹ ሰው ፎንት የሚባል ባለሥልጣን ያለ መሰለው፤ ፈረንጅ ነው ያሉም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ልጅ መሆኔ ቀረ። ያለ ስድብ አልፈውኝ የማያውቁ ሽማግሌዎች «ኢንጂነር» እያሉ ቆብ ያነሱልኛል። እትዬ አስካለ፣ ጎረቤታችን፣ ፎንቱ እንዳይገኝ ለልደታ ጃንጥላ ተሳሉ። ስለታቸውን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፣ ፎንት ሰምቶ እንዳይቀየማቸው። ጋሽ በየነማ ሌላ ዘዴም አመጡልኝ፤ ከተገኘም አበላሽተሽ ቁረጪው፣ እንዳይነበብ አሉኝ። ጋሼ፣ ተበላሽቶ የተጻፈ «የሚፈርስ»ም ያፈርሳል አልኳቸው። አሰቡበትና «አንቺ አፍሽ ነው የሚጣፍጠው» ብለውኝ ሄዱ። ስቄ ነበር አባዬ፤ እውነቱን ለመናገር ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ሳምንት ስቄ አላውቅም።

ሰውየው ዛሬ ተመልሶ መጣ። ፎንቱን አልጠየቀኝም። ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝና «የኔ እህት፣ እንዳትቸገሪ ብዬ ነው። ይሄ ድሮ ወደ ቅርጽ የተለወጠ ነው፣ ፎንት አይፈልግም» አለ።

ከፈትኩት። ሁለቱ ቃላት ናቸው፤ ፊደል ያልሆኑ፣ ፎንት ቢጠፋም የማይጠፉ ባዶ መስመሮች። የ«ማ»ንና የ«ሚ»ን ክቦች አየሁ። ታውቃለህ፤ ስቴንስል ሲቆረጥ የክብ ፊደል ዓይን ተፈንቅሎ ይወድቃል፣ እንዳይወድቅ በቀጭን ድልድይ ከዳር ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። በዚህ ከተማ የሚሠራ ሰው ሁሉ ድልድዩን ቀጥ አድርጎ ነው የሚያቆመው። አጋድሎ የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ «ቀጥ ያለ ድልድይ ፊደሉን የታሰረ ያስመስለዋል» የሚለው ሰው። አራቱም ድልድዮች ወደ ቀኝ አጋድለዋል። የእጅ ጽሑፍህን ያህል አውቃቸዋለሁ።

ሰውየው ፊቴን እያየ ነበር። «ጥሩ ሠራተኛ ነበር» አለኝ። ነገ ጠዋት እንደሚመለስ፣ ካልተመቸኝም ሌላ ቤት እንደሚያስቆርጠው ነግሮኝ ወጣ።

እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። ኮምፒውተር ላይ የሚታይ ነገር አይገባኝም የምትለው እማዬ ወዲያው ገባት። «አውቅ ነበር» አለች። ቀጥላም «ያን ጊዜ የሚፈርሰው ወዲያ ማዶ ነበር» አለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች።

ወዲያ ማዶ የእትዬ አስካለ እህት ቤት ነበር፤ አሁን ኮንዶሚኒየም ነው። ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ በዚያ በኩል አልፈን አናውቅም፤ ሁልጊዜ በአብነት ሰፈር አዙረህ ነበር የምትወስደኝ። አባዬ አርጅቶ መንገድ ጠፋበት እያልኩ ለጓደኞቼ እንዴት አድርጌ እንዳሾፍኩብህ። አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። ያን ጊዜ ብትነግረኝ ምን እልህ እንደነበር አላውቅም። አሁን የሚያስቀኝ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ይህንን የምጽፈው ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ነው። ቅድም ጋሽ በየነ መጥተው «ፎንቱ ተገኘ ወይ» ሲሉኝ፣ ከእንግዲህ ፎንት አያስፈልግም አልኳቸው። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ፊታቸው በርቶ ሄደዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከመንገዱ ጫፍ እልልታ ሰማሁ። ፎንት አያስፈልግም ተባለ፣ ነገሩ ቀረ ብለው እርስ በርስ እየተሳሳሙ ነው። እትዬ አስካለ ጃንጥላውን ሊገዙ ወጥተዋል። ሮጬ ልከተላቸው ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ውሾቹ ብቻ ናቸው ያልተደሰቱት፤ ተሰብስበው የኛን በር ያያሉ።

ነገ ፍላሹን እመልስለታለሁ። አልቆርጥም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ሌላ ቤት ቶሎ ብሎ ይቆርጥለታል፣ ግድግዳችን ላይ መምጣቱም እንደማይቀር አሁን አውቄያለሁ። መጀመሪያ የፈለግኩት ሌላ ነበር፤ ፎንቱን መልሼ፣ ቃሉን እንደ አዲስ ጽፌ፣ ድልድዩን እንደ ሰው ቀጥ አድርጌ፣ ያንተን እጅ ከዚህ ነገር ላወጣው ነበር። ግማሽ ድረስ ሠርቼው ተውኩት። ያን ጊዜ ደግሞ እጁ የኔ ይሆናል፤ የኔን ልጅም አንድ ቀን በአብነት አዞራታለሁ። ከአንድ ቤት ለዚህ ሥራ አንድ እጅ ይበቃል።

ስለዚህ ወደ በራችን የምትመጣው አንተ ነህ አባዬ፣ በቀይ ቀለም። ከጋሽ በየነ ግድግዳ ቀጥለህ፣ ከእትዬ አስካለ ግድግዳ ቀጥለህ ትመጣለህ። እነሱ የሚያዩት የሚፈርስ ቤት ነው፤ ጽሑፉ ያንተ መሆኑን አልነግራቸውም። እኔ ግን አይሃለሁ፣ ፊቴንም አላዞርም። ማውሱን ስታስይዘኝ እጄ ላይ የነበረውን መዳፍህን አልረሳም፣ ይህንን የሳለው እሱው መዳፍ መሆኑንም አልረሳም። ሌላው ሰው ሙታኑን መርጦ ያስታውስ፤ እኔ አንተን ሙሉህን ነው የማስታውስህ።

ልጅህ፣
ቤቲ