በስፖኪዮህ ማንን ታያለህ?

አምቦ፣ ኅዳር 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለጉርሙ፣

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። እንግዲያው ለዓብዲሳ አባት ይድረስ። ሰላምታዬ ግን ከልብ ነው። ጤናህ እንዴት ነው? የነቀምቴ ዝናብስ አባራ? እኛ ደኅና ነን። ልጅህ ሁለት የፊት ጥርሱን አውልቆ ስሙን በፉጨት ነው የሚጠራው። እኔም ያለ ምርኩዝ ቢሮ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ብቻ ጉልበቴ ይከዳኛል።

ደብዳቤህን ኦቦ ሙለታ በእጄ ሰጡኝ። የሰርጋችን ዕለት አጠገብህ የቆሙት እሳቸው ስለነበሩ ሽማግሌ ሁኑልኝ ስትላቸው እምቢ ማለት አልቻሉም። ለገና ጠቅልለህ ወደ ቤት መመለስ እንደምትፈልግ፣ መልሱም በእኔ እጅ እንደሆነ ነገሩኝ። «ያለያየን የወንጪ ጭጋግ ነው» ብለህ ጽፈሃል። ወይ ጭጋግ! ስንቱን ተሸከመ። ሲስተር አስካለች ወደ አዲስ አበባ ተዛውራ አንተን እዚያው ነቀምቴ ጥላህ እንደሄደች እዚህ አምቦ ያልሰማ የለም። ጭጋጉ የተገፈፈልህ ያን ጊዜ ነው እንዴ?

ስለ ጭጋጉ እናውራ ካልክ እናውራ። የክትባት ቡድኑን ተያይዞ በሞተር መሄድ ያስተማርከው አንተ ነህ። እኔንም ጭምር። «ሴት ደግሞ ሞተር ትነዳለች?» ብሎ የሳቀውን የቢሮ ሰው ሁሉ አፉን ያስያዝክልኝ አንተ ነህ፤ ይህን አልክድም። ትርፍ ካንዴላ፣ የጎማ ማስቲሽ፣ የዝናብ ካፖርትና ፊሽካ ያልያዘ ሰው ከግቢ አይወጣም ነበር። ፈጣኑ በዘገምተኛው ልክ ይነዳል። መንገድ ለሁለት ሲከፈል የመጨረሻው ሰው በዓይን ሳይታይ ማንም አይንቀሳቀስም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ ጥያቄህ ነበረች። ልንነሳ ስንል ሁላችንም ሞተራችን ላይ እንደተቀመጥን በየተራ፣ «በስፖኪዮህ ማንን ታያለህ?» ትላለህ፤ ሰውየውም መስታወቱን አይቶ ከኋላው ያለውን በስሙ ይጠራል። «ስሙን የጠራኸው ሰው አደራህ ነው» ትለን ነበር። ያን ሁሉ ገጠር ዞረን ሰው ሳይጎድልብን የተመለስነው በዚህች ጥያቄ ነው።

ያን ዕለት ሦስት ሞተር ነበርን። ባልደረባችን ነጋሳ ከፊት፣ አንተ መሐል፣ እኔ መጨረሻ። የክትባቱ የበረዶ ሳጥን እኔ ሞተር ላይ ታስሯል። ሲስተር አስካለች ለሥራው አዲስ ስለነበረች አንተ ኋላ ተፈናጠጠች። ወንጪ ብርድ ነው፣ ልጅቷ እንግዳ ናት፣ ካፖርትሽን ስጫት አልከኝ። አውልቄ ሰጠኋት፤ እስከ አንገቷ የቆለፍኩላትም እኔው ነኝ። ከዚያ እንደ ልማዳችን ነጋሳ ያንተን ስም ጠራ። አንተ ስፖኪዮህን አየት አደረግህና፣ «ድንቅቱን» አልክ። ድምፅህ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከእኔ ኋላ ማንም ስላልነበረ እኔ ዝም አልኩ።

ዳገቱን ጨርሰን ጭጋጉ ውስጥ ስንገባ የኋላ መብራትህን እያየሁ ነበር የምከተልህ። ጠመዝማዛው ላይ የፊት ጎማዬ ጠጠር ላይ ተንሸራተተ። ቦይ ውስጥ ገባሁ፤ ሞተሩም ቀኝ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። እውነቴን ነው፣ አልፈራሁም። ጉርሙ አሁን በስፖኪዮው ሲያጣኝ ይመለሳል አልኩ። ፊሽካዬን ነፋሁ። መብራትህ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። ከንፈሬ እስኪደነዝዝ ነፋሁ። የደረሱልኝ ፈረሳቸውን ጭነው ገበያ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌና ሚስታቸው ናቸው። ሞተሩን ተጋግዘው ከላዬ አነሱት፤ ሰውየው ቡሉኳቸውን አለበሱኝና፣ «ነሞትኒ ኬ ኤሳ?» አሉኝ። ሰዎችሽ የት አሉ? ከፊት ናቸው፣ አሁን ይመለሳሉ አልኳቸው። ሽማግሌው መንገዱን አዩ፣ እኔን አዩ።

የቀረውን የሰማሁት ሆስፒታል ተኝቼ ነጋሳ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነው። እያለቀሰ ነገረኝ። ወደ ሐሮ ወንጪ፣ ወደ ሐይቁ፣ በሚገነጠለው መንገድ ላይ እንደ ደንቡ ቆሞ ጠብቋችሁ ነበር። ስትደርስ «ድንቅቱስ?» ቢልህ፣ «ከኋላዬ ናት፣ እንሂድ» አልከው። ዞር እንኳ አላልክም። ሐይቁ ጋ ደርሳችሁ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተሰልፈው፣ መድኃኒቱ ይውጣ ሲባል ነው መጉደሌ የታወቀው። የተፈለገው የበረዶ ሳጥኑ ነው፣ ጉርሙ። እኔ የተገኘሁት ሳጥኑ ሲፈለግ ነው።

ይህንንም ቢሆን ይቅር ብዬህ ነበር። ሰው ነው፣ ይዘናጋል፣ ጭጋግም ነበር ብዬ። አልጋዬ አጠገብ ተንበርክከህ ስትጸልይ እጄን ራስህ ላይ አድርጌያለሁ። ወንጪ የቀረው ሞተርህ በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭኖ ቤት ከመጣ ጀምሮም «ዓይኑን ማየት አልችልም» ብለህ ሸራ አልብሰኸው ስለነበር፣ ለእኔ አዝነህ መስሎኝ ነበር።

ጀሶዬ በተፈታ ሰሞን ዓብዲሳ ሞተር ላይ ካልወጣሁ ብሎ አለቀሰ። ሸራውን ገፈፍኩት። እኔ ያንተ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ከኋላዬ መቀመጫው ላይ ቆሞ ትከሻዬን ያዘ። ስፖኪዮው ከኋላችን ያለውን የግቢ በር ማሳየት ነበረበት። ያሳየኝ የልጄን ፊት ነው፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ መስታወቱን ሞልቶት። ጎንበስ ብል ቀና ብል ያው ነው። የግራው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ያለህ መስታወት ያ አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ከኋላህ የተቀመጠችውን ሰው ፊት እንዲያሳይህ ጠምዝዘኸው ነበር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ለካ በሞተርም ይደርሳል። በእሷ አልፈርድም፤ እሷ ጉባኤ ፊት ቆማ ቃል አልገባችልኝም። በጭጋጉም አልፈርድም። ጭጋግ ሳይኖር፣ በጠራ ፀሐይ፣ እዚሁ አምቦ የቢሮው ግቢ ውስጥ፣ እኔ የሌለሁበትን መስታወት እያየህ ስሜን የጠራኸው አንተ ነህ። ጉልበቴን የሰበረው ጠጠር ነው። እኔን የሰበረኝ ያ ነው። ፋሲካ ማግስት ከእሷ ጋር ነቀምቴ ልትሄድ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ስትወጣም ይህን አውቅ ነበር፤ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም ዝም ያልኩት። ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ነው።

አሁን አልነዳም። ቡድኑ ሲወጣ ግን በር ላይ ቆሜ የምፈትሸው እኔ ነኝ፤ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ ፊሽካውን። ያቺን ጥያቄህንም እጠይቃለሁ። ብቻ ስም ሲጠሩልኝ አላምንም፤ በትከሻቸው በኩል ጎንበስ ብዬ መስታወቱን እኔው አየዋለሁ። ነጋሳ እኛንም ጠረጠርሽን እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ልምጣ ወይ ላልከው፣ ልጅህን ለማየት በፈለግኸው ቀን ና፤ አባት አይከለከልም። ጠቅልዬ ልምጣ ካልክ ግን፣ ከነቀምቴ ስትነሳ ያቺን ጥያቄ ራስህን ጠይቅ። «ድንቅቱን» ብለህ ከመለስክ ዳግመኛ ዋሸህ። እኔ ከኋላህ የለሁም።

በነቀምቴው ቢሮ ሞተር መንገድ ስትወጣ የሄልሜትህን ማሰሪያ ጠበቅ አድርገው፤ ሁልጊዜ ትረሳዋለህ። የጌዶ ዳገት በዚህ ወራት ጠዋት ጠዋት አይታይም፤ ፀሐይ ሳትወጣ አትነሳ። ጌታ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅ፤ ከፊትህም ከኋላህም እሱ ይሁን።

የዓብዲሳ እናት
ድንቅቱ

ይድረስህ ብዬ ካሸግሁት በኋላ መልሼ ከፈትኩት። ስፖኪዮህን እስካሁን ማንም እንዳይነካው ከልክዬ ነበር። ትናንት ነጋሳን ቀና አድርግልኝ አልኩት። አሁን የግቢውን በር ያሳያል። ዓብዲሳ ራት ቀርቧል ብሎ እስኪጠራኝ ድረስ ተቀምጬ አየሁት።