እኔ ሳልኖር ስለተከፈተው ሰባተኛ በር

ለተከበሩ የ«ሰባቱ በሮች» ኦንላይን ጨዋታ ዋና አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ቀጥዬም የሠራተኞችዎን ጤና፣ ከመካከላቸው ሰው የሆነ የቀረ ካለ ማለቴ ነው፣ ከዚያም የሰርቨሮችዎን ጤና እጠይቃለሁ። ሙያዬ ማቀዝቀዣ መጠገን ስለሆነ ያረጀ ማሽን እንዴት እንደሚያቃስት አውቃለሁና ለእነሱ ያለኝ ሐሳብ ከልብ ነው። እኔ ወገቤን ትንሽ ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁት ከቢሮዎ የደረሰኝን የእንኳን ደስ አለዎት መልእክት ዝም ብሎ መቀበል ብልግና መስሎ ስለታየኝ ነው። መልእክቱ «በርሜል» የተባለው ገጸ ባሕርዬ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሰባተኛውን በር መክፈቱን፣ ስሙም በበሩ ድንጋይ ላይ መቀረጹን ያበስራል። እግዜር ይስጥልኝ። ለዚያ በር ልጅነቴን ባልሰጥም ጉልምስናዬን ሰጥቻለሁ። በሩ በተከፈተበት ቅዳሜ ግን እኔ አንድ ሥጋ ቤት ውስጥ ከማቀዝቀዣ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነበር፤ በእጄ የያዝኩትም ጋሻ ሳይሆን መፍቻ ነው። ስለዚህ ምስጋናው ለማን እንደሚገባ አብረን ብናጣራ መልካም ነው ብዬ አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። «ሰባቱ በሮች» ያረጀ ጨዋታ ነው። በእርስዎ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ በር የሚከፈተው አምስት ሰዎች በአምስት ድንጋይ ላይ እኩል ሲቆሙ ነው፤ ብቻውን የመጣ ሰው ጀግናም ቢሆን በሩን አይቶ ይመለሳል። እኛ አምስት ነበርን። እኔ ጋሻ ይዤ ከፊት እደበደባለሁ፤ የብረት ጥሩሬ ሆዴ ላይ ስለሚነፋ ስሜ በርሜል ሆኖ ቀረ። የእህቴ ባል ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ከኋላ ቀስት ይወረውራል። ስለማይጣሉ ብቻ መንትዮቹ የምንላቸው ሁለት ጓደኛሞች አሉ። አምስተኛዋ የእህቴ ባል ሱሪ የምትሰፋለት ልብስ ሰፊ ናት፤ እኛ እትዬ መርፌ እንላታለን፣ ሥራዋ መፈወስ ነው። እትዬ መርፌ አንድ አመል ነበራት፤ ሁሉንም ፈውሳ ስትጨርስ መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ትመጣለች። ደሜ እንደ ክር ቀጥኖ ስጮህባት «ጋሼ በርሜል፣ ትንሽ ሞት ማንንም አልገደለም» ትለኛለች። ይህን አመል ያስታውሱልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

አንደኛ፦ ስለ መጠበቅ። መንትዮቹ አዲስና የሚያብረቀርቅ ጨዋታ አገኙና «አየት አድርገን መጣን» ብለው ሄዱ፤ እስካሁን እያዩ ነው። እትዬ መርፌ «ትንሽ ልረፍ» አለችና ጠፋች። የእህቴ ባል በደወልኩለት ቁጥር «ደክሞኛል» ነው መልሱ። እኔም ከሥራ ስመለስ በጨዋታው አደባባይ ላይ ቆሜ «ጋሻ ያዥ ነኝ፣ አራት ሰው የቀረው!» እያልኩ እንደ ታክሲ ረዳት ስጣራ ከረምኩ፤ ልዩነታችን ረዳቱ ታክሲ ያለው መሆኑ ነው። የመጠበቂያ መስኮትዎ ሁልጊዜ «የሚጠብቁት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው» ይለኝ ስለነበር ለተስፈኝነትዎ ያለኝን አድናቆት በዚህ አጋጣሚ እገልጻለሁ። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል «ሰው መጣልህ?» ትላለች። «ገና ነው እማዬ» እላለሁ። «እንግዲህ ራቱን ላንተ ላቅርበው ወይስ ለአምስት ሰው ልጠብቅ?» ትላለች። በዚህ ሁሉ ግን አልከሰስኩዎትም። ሰው ማርጀቱን፣ ጨዋታም ማርጀቱን አውቃለሁ፤ ባዶ አደባባይ ቢያንስ ባዶ መሆኑን አይዋሽም።

ሁለተኛ፦ ስለ «ታማኝ ባልደረባ»። አንድ ቀን «መጠበቅ ቀረ!» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ክፍት ቦታዎችን ታማኝ ባልደረቦች ይሞሏቸዋል አሉ፣ ከሥሩም ማንም የማያነበውን ረጅም ጽሑፍ አስቀምጠው «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ሰጡን። ተስማማሁ። በማግስቱ አደባባዩ በሰው ተሞልቶ አገኘሁት፤ ከሰዎቹም መካከል፣ ሐምራዊ ካባዋን እንደለበሰች፣ እትዬ መርፌ ቆማለች።

ክቡር ሆይ፣ ደስታዬን አልደብቅዎትም። «አንቺ ሴትዮ፣ የት ጠፍተሽ ነው?» ብዬ ጻፍኩላት። «በርቱ! አብረን እናሸንፋለን!» አለችኝ። ሰው ሲርቅ ጨዋ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት እየተዋጋን ብዙ አወራኋት። የምሠራበት የጥገና ቤት ባለቤት ሊሸጠው እያሰበ መሆኑን፣ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ማን እንደሚቀጥረኝ እንደማላውቅ፣ እናቴ ጆሮዋ እየከዳት ስሜን ሁለቴ ካልጠራሁላት ማን እንደገባ እንደማታውቅ፣ ለእህቴም ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። ለሁሉም መልሷ «በርቱ! አብረን እናሸንፋለን!» ነበር። ማንን እንደምናሸንፍ አልጠየቅኋትም። እውነቱን ለመናገር አጽናንቶኛል። ያ ወሬዬ አሁን በየትኛው ሰርቨርዎ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚቀዘቅዝ አላውቅም፤ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ግን ባለሙያ ነኝና ይጥሩኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ፍልሚያ እንደጀመርን፣ ገና ጭረት ሳይነካኝ፣ እትዬ መርፌ ከሁሉ በፊት እኔን ትፈውሰኛለች። አክብራኝ ነው አልኩ። በመጨረሻ ግን አላስቻለኝምና ሱሪ ላሳጥር በሚል ሰበብ ወደ ሱቋ ሄድኩ። አንድ ወፍራም ደንበኛ በርጩማ ላይ አቁማ፣ አፏ ውስጥ ስፒል ደርድራ፣ የሱሪውን ጫፍ ትለካለች። ስለ ሰሞኑ ወዳጅነቷ ከልብ አመሰገንኳት። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች።

«የቱን ነው የምትለው? እኔ እኮ ከዚያ ከወጣሁ ቆየሁ። ዓይኔ ለመርፌውም ለጨዋታውም አልበቃ ብሎኝ ጨዋታውን ተውኩት» አለችኝ።

«ታዲያ ሲያወራ የከረመው ከማን ጋር ነው?» አለ ወፍራሙ ሰውዬ ከላይ ሆኖ፣ ሲስቅም ስፒል ወጋው። ደስ አለኝ። እትዬ መርፌ ግን አልሳቀችም። እንዴት እንደምትፈውሰኝ ጠየቀችኝና ነገርኳት። «ቀድሜ? አንተን ቀድሜ?» አለች። «ጋሼ በርሜል፣ ያኔ እኮ ነው መጠርጠር የነበረብህ!»

የሄዱትን ሰዎች ገጸ ባሕርይ አንሥተው፣ በማሽን እያንቀሳቀሱ በቀሩት መካከል ማሰለፍዎ እንዲህ ተገለጠልኝ። ብልሃትዎን አደንቃለሁ። ቤተሰቡ እንዳያዝን ብሎ የጠፋውን ሰው ኮት በበር ላይ የሚሰቅል ሰው አይቼ አላውቅም፤ እርስዎ ግን ኮቱን ሰቅለው እጅጌውንም ያወዛውዙታል።

ሦስተኛ፦ ስለ እኔ። እስካሁን ያቀረብኩት ስለሄዱት ነው። እኔ ግን አልሄድኩም። ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ወጥቼ ወደ እህቴ ባል ዳቦ ቤት ሄድኩ። ሊጥ እየቆረጠ ነበር። አብሮ ይስቃል ብዬ ስለ እትዬ መርፌ ነገርኩት። አልሳቀም። ይልቁንስ «አንተ ምን ሆነህ ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን አይደለንም እንዴ?» አለኝ። ቅዳሜ ሥራ ላይ እንደምውል እያስታወስኩት ሳለሁ ነገሩ ለሁለታችንም እኩል ገባን። እኔ በሌለሁበት ሰዓት በርሜል ለብቻው ይሰማራል። የእህቴ ባልም፣ በስልክ ስለምነው የሚደክመው ያ ሰው፣ ቅዳሜ ከሌላኛው በርሜል ጋር ሲዋጋ ይውላል።

ጥቂት ሊጥ ቆረጠ። «እኔም ገርሞኝ ነበር» አለ፤ «አንድም ቀን አልተማረርክም።»

ሳቅኩኝ፣ ክቡር ሆይ። ነገሩ በእሱና በእኔ መካከል ያለቀ መስሎኝ ነበር። በመጪው ቅዳሜ ቶሎ ወጥቼ እንደምገባ፣ ሰባተኛውን በር አብረን እንደምንሞክረው ነገርኩት። «እንዴታ፣ እጠብቅሃለሁ» አለ በሊጥ እጁ ትከሻዬን እየመታ። የሊጡ ምልክት ጃኬቴ ላይ ደርቆ ቀርቷል።

ያ ቅዳሜ የሥጋ ቤቱ ማቀዝቀዣ የተበላሸበት ቅዳሜ ነው። እንደምዘገይ ስደውልለት «አይዞህ፣ አትቸኩል» አለኝ። እዚያው ከማቀዝቀዣው ሥር ሳለሁ ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለች። «ባሌ ቤቱን በጩኸት አፈረሰው። ‹ጎበዝ በርሜል! ጎበዝ በርሜል!› ይላል። እኔ ደግሞ መጥተህ መስሎኝ የሚበላ ይዤ ስገባ ብቻውን ነው። ለመሆኑ የት ነህ?» አለችኝ። ያለሁበትን ነገርኳት። እሷም ግራ ገባት፤ «ታዲያ ምሳውን ማን ይብላው?» አለች።

ስለዚህ አምስት ሰው ካልቆመ አይከፈትም የተባለው በር እንዴት እንደተከፈተ ላስታውስዎ። በአምስቱ ድንጋዮች ላይ የመንትዮቹ ሁለት ኮቶች፣ የእትዬ መርፌ ኮት፣ የእኔ ኮትና አንድ ዳቦ ጋጋሪ ቆመው ነበር። ከአምስቱ ዳቦ የሚበላው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የሚጋግረው ነው። በኋላ ስጠይቀው ዓይኑን ከባንኮኒው ላይ ሳያነሣ «አንተን ብጠብቅ መቼ ይከፈታል? ደግሞም እኮ ያው አንተው ነህ» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ አያውቁኝም፤ ስለዚህ ለእርስዎ ያው እኔው ብሆን አልቀየምም። እሱ ግን ያውቀኛል። የሠርጉ ቀን የጫማው ተረከዝ ሲነቀል የራሴን ጫማ አውልቄ የሰጠሁት ሰው ነው። ያኛው በርሜል እኔ አለመሆኑን እያወቀ እሱን መረጠ፤ ምርጫውን በአንድ ቁልፍ ያመቻቹለት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ስለ ቅልጥፍናዎ አመሰግናለሁ።

አራተኛ፦ ይህ አጭር ነው። እትዬ መርፌ ታሪኩን ስትሰማ መነጽሯን አደረገችና «በል ና፣ እኔ ልግባና አንድ ጊዜ ደህና አድርጌ ልግደልህ» አለችኝ። ከብጣሽ ጨርቁ መካከል አሮጌውን ኮምፒውተር አውጥታ አቧራውን ጠረገች፣ የይለፍ ቃሏን አልረሳችውም። የመጣላት መልስ «ይህ ገጸ ባሕርይ በአገልግሎት ላይ ስለሆነ መግባት አይቻልም» የሚል ነበር። ጠብቀን ሞከርን፣ ሱሪዬን ሰፍታ ከጨረሰች በኋላ ሞከርን፣ ያው ነው። «ሥራ በዝቶብኛል ማለት ነው» አለችና ኮምፒውተሩን ዘጋችው። ያን ሁሉ ጊዜ አደባባይ ላይ ቆሜ ስጠራት ነበር። በእግሯ ተመልሳ ስትመጣ ቦታዋን ይዛ በር የዘጋችባት ራሷ ናት።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይቅርታ አልጠይቅም፣ ድንጋዩ ላይ ያለውንም ስም አይፋቁት፤ ላልሠራው ሰው የቆመ ሐውልት በዓለም ላይ የመጀመሪያው አይደለም። ባይሆን ለአንድ ቅዳሜ ሁለቱን ኮቶች፣ የእትዬ መርፌንና የእኔን፣ ከመስቀያው አውርደው ለባለቤቶቻቸው ይመልሱልን። አምስት እንዳልሆንን አውቃለሁ፤ ሁለት ሰዎች ከዝግ በር ፊት ቆመው መዋል ከፈለጉ ግን የሚከለክል ሕግ ያለዎት አይመስለኝም።

ማሽኖችዎ እንዳይሞቁ፣ አደባባይዎም እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮትና ከማይመጣ ቡድን ጋር እሰናበታለሁ።

በርሜል
(የሚታመመው፣ የሚያረጀውና ቅዳሜ ሥራ የሚውለው)

እንደገና ጥቂት፦ ለዚህ ደብዳቤ መልስ የሚጽፍልኝ ከታማኝ ባልደረቦችዎ አንዱ ከሆነ አይድከም፤ መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ደግሞ ለእህቴ ባል ስለምሰጠው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እንደሚያነበው አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ለሚመጣው ቅዳሜ ፈቃድ ወስጃለሁ። ካስገቡኝ ከበሩ ፊት፣ ካላስገቡኝም ከዳቦ ቤትህ ደጅ ቆሜ ታገኘኛለህ። የትኛው በርሜል ነው ብለህ እንዳትቸገር፤ የሚያማርረው እኔ ነኝ።