ስልክ ላይ ያመንኩት ድምፅ

ለምወድሽ እናቴ ለክሎቲልድ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ያ ዝናብ ጣራውን ሳይነካው አለፈ ወይ? ባምያሽስ ከጎርፉ ተረፈ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ከማክሰኞ ወዲህ አልረጋም።

እንደምታውቂው የቢሯችን ሥራ የሌሎችን ድርጅቶች ኮምፒውተር ከሩቅ ሆኖ መጠገን ነው። ከደንበኞቻችን አንዱ ልጆችን ከትምህርት ቤት መልስ የሚያስጠና የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አንድ ሰው ደወለ። «እህት፣ ዋረን ነኝ፣ የሂሳብ አስተማሪው። የይለፍ ቃሌ ጠፋኝ፤ ልጆቹ ሊመጡ ነው፣ ጉድ ልሆን ነው!» አለኝ። ደንቡ ዘግቼ በተመዘገበው ቁጥር መልሼ እንድደውል ነው። እሱ ግን «ነገ ደግሞ ስሜን ስረሳ አንቺው ጋ ነው የምደውለው» ብሎ አሳቀኝ። እየሳቅኩ አዲስ የይለፍ ቃል ሰጠሁት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እውነተኛው ዋረን ደውሎ «ኮምፒውተሩ አላስገባም አለኝ» ሲል መታለሌ ገባኝ። ስመለከት ያ ሰው የከፈተው የአንዲት ልጅ ፋይል ብቻ ነው። ናዲን ትባላለች፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አዲሱ አድራሻዋ፣ የምትመጣበትና የምትወጣበት ሰዓት፣ ሁሉም ተጽፏል። ከላዩ ደግሞ «ከእናቷ በቀር ለማንም አትሰጥ፤ አባቷ እንዳይቀርባት ፍርድ ቤት ከልክሏል» ይላል።

እውነቱን ልንገርሽ እማዬ፣ ለአንድ አፍታ ዝም ልበል ብዬ ነበር። ከዚያ ለድርጅቱ ኃላፊ ለሎሬይን ደወልኩ። «በሩን ቆልፌ ፖሊስ እጠራለሁ። አንቺ ግን ምን ነካሽ?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። መቀመጥ አቃተኝና መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ስደርስ አንድ ሰው ቆሞ በሩን ያንኳኳል። ክንዱ ላይ ሮዝ የልጅ ጃኬት ጣል አድርጓል፤ ለአምስት ዓመት ልጅ እንኳ የሚጠብ። ዞር ብሎ «እህት፣ ደወሉ አይሠራም መሰለኝ። ልጄን ልወስድ ነበር» አለኝ። ድምፁ ያው ነው! ድምፄን እንዳይለየው ፈርቼ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩለት። ፖሊሶቹ መጥተው እስኪይዙት ድረስ እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም። ይፍቱት አይፍቱት ደግሞ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ወዲያው የናዲን እናት መጣች። «ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ትሰድበኛለች ስል «ተቆጥቶ ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «ኧረ አልተቆጣም፣ ሲያስቀኝ ነበር» ስላት ፊቷ አመድ መሰለ። «ሲቆጣስ አልፈራውም» አለች። በዚያው ቀን ልጇን ይዛ ከተማውን ለቀቀች። የት እንደሄዱ አልነገሩኝም፤ ደግ አደረጉ።

ለአለቃዬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ ለነገ ጠርቶኛል። ስልክ በጮኸ ቁጥር እየደነገጥኩ ነውና ለጊዜው አትደውዪልኝ፣ ጻፊልኝ።

አክስቴን ኦዲልን እቀፊልኝ። ወንድሜን ማርሴልን ናፍቀሃታል በዪልኝ፤ ሚስቱንም እንዲሁ። ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ስማቸውን ያልጻፍኩት ረስቻቸው አይደለም፤ ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚወድቅ ስለማላውቅ ነው።

ልጅሽ ኮሪን
ቡፋሎ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 2019