የጠፋው እብጠት

ታኅሣሥ 20
የወንድሜ የእንዳለው የጨረር ሕክምና ዛሬ አለቀ።

ታኅሣሥ 22
ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም ገባን። ጭኑ ላይ ቡጢ ያክል የነበረው ካንሰር አሁን በእጅ ሲዳበስ አይገኝም። ሐኪሙ ግን "ቀለጠ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ሥሩ አለ። ጥር 19 ኦፕራሲዮን አድርገን እናወጣዋለን" ብሎናል። ሁለታችንም ሰምተናል... ወይስ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት?

ታኅሣሥ 30
ቡሬ ወርጄ ገጠር ቤቱ ደረስኩ። ውቂያ ላይ ነው፣ በሬ ይነዳል።
"እታለም፣ እስቲ ዳብሺው። አለ?"
"የለም።"
"ታዲያ የሌለውን ሊቆርጡ ነው?"
ሚስቱ ሀብትነሽ ሳቀች። ለአስተርእዮ ማርያም ተስሎ ኖሯል። ጥር 21 በግ አርዶ አገሩን ሊያበላ ነው። ቀጠሮውስ? "ማርያምን ልዋልና..." ቅመሙን እኔ እችላለሁ አልኩ። ምን አስለፈለፈኝ?

ጥር 6
የደምበጫው ጌታሁን ደወለ። ጨረር ቤት ተዋውቀን ከእኛ ቀድሞ የጨረሰው። የእሱ እብጠት ቅንጣት አልቀነሰም ነበር። እንዳለው "ያንተስ እንደ ጌታው ደንዳና ነው" እያለ ያበሽቀው ነበር። አሁን ኦፕራሲዮን ሆኗል። አውጥተው ሲመረምሩት ውስጡ አብዛኛው ሞቶ ተገኘ። መጠኑ ሳይቀንስ ማለት ነው።
ያልቀነሰለት ሄዶ ተቀደደ። የቀለጠለት ይደግሳል። ጨረሩ ባይሠራለት ኖሮ ይሄድ ነበር?

ጥር 9
የንስሐ አባቱን መምሬ ወልደ ገብርኤልን ለመንኳቸው።
"ሂድ ብዬዋለሁ ልጄ። ስለቱ ለሌላ ማርያም ይደርሳል ብዬዋለሁ። 'አባ፣ እሷ ያዳነችውን በቢላ ላስነካ?' አለኝ። ምን ልመልስለት?"
 

ጥር 14
እንዳለው ጋ ደወልኩ። አላነሳም።

ጥር 17
ዛሬ መነሳት ነበረብን። መንገዱ እንኳ ክፍት ነው፤ ሰበብ የለም። ሀብትነሽ ደውላ "እታለም፣ ሰው ተጠርቷል፣ ቅመሙን ቶሎ" አለች። ቅመሙን! ገበያ ወጣሁ።
ባለሱቋ እናትነሽ ኮረሪማ እየመዘነች "የምን ድግስ ነው?" አለችኝ።
"የወንድሜ የማርያም ስለት... ታሞ ነበር።"
"እንኳን ማረችላችሁ።"
አሜን ይባላል። አፌ እምቢ አለ።
"ጥቁር አዝሙዱንስ ስንት ላድርግልሽ?"
ዘንቢሌን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ።