አምስተኛው ልዑክ

ኮኪት፣ ጥቅምት 20

ውድ ሽመክት፣

አስቀድመህ ልትረዳው የሚገባህ ነገር ይህ ነው፤ አንተ ካልመጣህ የገዳሪፉ ጉዞ ይቀራል። ማዶ ሱዳን በየእርሻው የተወለዱትን የወገኖቻችንን ልጆች አጥምቀንና አቁርበን ልንመለስ ነበር። ቀዳሾቹ ግን አራት ሆነዋል፤ በአራት እንደማይቀደስ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

የጎደለው ዲያቆን ስሜነህ ነው። ማክሰኞ ዕለት ሰሊጥ ሲያጭድ ማጭዱ ግራ እጁን ቆረጠው። የሚደማ ሰው መቅደስ አይገባም። ቄስ ባየልኝ ጨርቁን ፈትተው አዩና፣ «ይሄ እስከ ኅዳር አይደርቅም» አሉ።

«ግድ የለም አባ፣ ገዳሪፍ ያሉት ግብፆች አንድ ዲያቆን ያበድሩን» አለ ስሜነህ።

«እሱ በዐረብኛ ሲያዜም አንተ ከውጭ ቆመህ ምን ልትመልስ ነው?»

«ተማም እላለሁ፤ በዐረብኛ የማውቀው እሺን ብቻ ነው።»

ቄስ ባየልኝ ሳይወዱ ሳቁ። ወዲያው ግን የአንተን ስም አነሡ።

ሌላው ዝግጅት አልቋል። የኅብስቱ ስንዴ ተለቅሞ ተፈጭቷል፤ ማዕተቡን እኛ ሴቶች ፈትለን ጨርሰናል፤ የይለፍ ወረቀቱም ወጥቷል። ገዳሪፍ ያሉት ግብፃውያን ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያናቸውን የፈቀዱልን ለአንድ ቀን፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ብቻ ነው። ያቺ ካለፈች ሌላ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም።

የትናየትን ታስታውሳታለህ፤ ክፍል ውስጥ ከፊትህ ትቀመጥ የነበረችውን። እዚያ ማዶ የወለደቻት ልጅ መራመድ ጀምራለች፤ ገና አልተጠመቀችም። በክረምት የጎረቤቷ ሕፃን ሳይጠመቅ በወባ ሞቶ ያለ ፍትሐት ተቀብሯል። «መምህር፣ የእኔዋን ባተኮሳት ቁጥር ሌሊቱን ተቀምጬ አነጋለሁ» አለችኝ በስልክ።

«ዲያቆን ነበርኩ፤ አሁን የትራክተር ሹፌር ነኝ» እንደምትል ሰምቻለሁ። የነገረችኝ አብደራፊ እናንተ እርሻ ላይ ስታበስል ከርማ የመጣችው መቅዲ ናት። እሷው ደግሞ ሌላም ነገረችኝ፤ ማለዳ ሞተሩን ሳታስነሣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃልህ እንደምታደርስ፣ የጎጃምና የወሎ ልጆችም ማጭዳቸውን አስቀምጠው እንደሚሰሙህ። አንድ ቀን ብታረፍድ፣ «ሹፌር ሳያደርስልን አንሰማራም» ብለው ቆመው ጠበቁህ አለች። ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ አድርጎ የጠበቀኝ ክፍል አላጋጠመኝም። ማንም ሳያዝህ፣ ከዚያ ሁሉ አቧራና ድካም ጋር ይህን ይዘህ መቆየትህ ያስደንቀኛል፤ ያኮራኛልም።

ዜማው ጠፍቶብኛል ብለህ ከፈራህ፣ ቄስ ባየልኝ ሳምንቱን ሙሉ አብረውህ ሊያጠኑ ቃል ገብተዋል። እጄ ዘይት ዘይት ይላል ማለትህንም ነገርኳቸው። «ዘይቱ በሳሙና ይለቃል፤ ክህነቱ ግን አይለቅም። ልጁ በሥርዓት አግብቷል፤ ማን ሻረው?» አሉኝ። ለአለቃህ ለብቻው ጽፌለታለሁ፤ እሱም ተማሪዬ ስለነበር እምቢ የሚለኝ አይመስለኝም።

እርሻው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ይህን ደብዳቤ ሰሊጥ ለሚጭነው መኪና ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ዐርብ ሲመለስ መልስህን ሳይዝ እንዳይመጣ አደራ ብዬዋለሁ። ረጅም አትጻፍ፤ እመጣለሁ ወይም አልመጣም ማለት ይበቃኛል። የትናየት በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ትደውላለች። የምነግራትን ቶሎ ላክልኝ።

መምህርህ አሰበች