በሕይወት ያሉትን መምህሬን ከሙታን ስለማስመለስ

ለክቡር የሁለተኛ ደረጃ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም የመግቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎና ከነማኅተምዎ እንዴት ሰንብተዋል? እኔ ዘንድሮ ለሥልጠና ከተመረጡት አመልካቾች አንዷ ስሆን፣ ከኅሊናዬ በስተቀር ደኅና ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ ሦስት ጊዜ በአካል መጥቼ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ ነው። ስብሰባው በሰላም ተጠናቆ ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም።

አስቀድሜ ስለ ጥንቃቄዎ ላመስግን። መወለዴን ለማስረዳት አራት ቅጂ የልደት ማስረጃ አቅርቤ፣ አንዱ ማኅተሙ ደብዝዟል ተብሎ ተመልሶብኛል። የቅጹ ሦስተኛ ገጽ ደግሞ ከቀድሞ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህሬ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳመጣ፣ መምህሩ በሕይወት ከሌሉ ግን "በሕይወት የሉም" የምትለዋ ሣጥን ውስጥ ምልክት አድርጌ ስለ እሳቸው አንድ ገጽ እንድጽፍ ያዝዛል። ምልክት አደረግሁ። መቼ፣ የት፣ በምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። ለመወለድ አራት ወረቀት፣ ለመሞት አንድ ጭረት እንደሚበቃ ከቢሮዎ ተማርኩ።

የታሪክ መምህሬ አልሞቱም። የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ፊታቸው ቆሜ ደብዳቤ ለመጠየቅ የሚሆን ዐይን አልነበረኝም። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ እኚህ መምህር መጽሐፉን ትተው ወደ ገበያ ይወስዱን፣ ነጋዴዎቹን እያስጠየቁ የሰፈሩን ታሪክ በራሳችን እጅ ያስጽፉን ነበር። ፈተና ሲቃረብ ጓደኞቼ መጽሐፉን አይጨርሱልንም የሚል አቤቱታ አዘጋጁ። የክፍል አለቃ ስለነበርኩ የመጀመሪያውን ፊርማ ሳላጣራ አኖርኩ፤ ባጣራ ኖሮ የቀረን አንድ ምዕራፍ ብቻ እንደነበር አውቅ ነበር። በአቤቱታው ምክንያት ከማስተማር ተነሡ፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚሠሩት በትምህርት ቤቱ የካርታ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ ለመምህርነት ያነሣሣኝ ያው የገበያ ትምህርት ነው ብዬ ጻፍኩልዎ፤ ገምጋሚዎችዎም በጣም እንደተነኩ ሰማሁ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በጽሑፌ ከመነካት አልፋችሁ ለቀድሞ ትምህርት ቤቴ የሐዘን መግለጫ መላካችሁ ከልግስና ሁሉ የበለጠ ልግስና ነው። ርእሰ መምህሩ በመምህራን ማረፊያ ሰሌዳ ላይ ስለለጠፉት፣ ሟቹ ዘወትር ሻይ የሚጠጡት በራሳቸው የሐዘን መግለጫ ሥር ሆኖአል።

ሁለተኛ፣ ከሥልጠናው በፊት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ትምህርት ሲሰጥ ሃያ ሰዓት እንድመለከት ስትመድቡኝ፣ ከከተማው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ያንኑ የቀድሞ ትምህርት ቤቴን መርጣችሁልኛል። የደረስኩ ዕለት ካርታ አምጪ ተብዬ ወደ ካርታ ክፍሉ ተላክሁ። መምህሬ የተቀደደ ካርታ ጠርዝ በፕላስተር ይለጥፉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ያለቻቸውን አንዲት ወንበር ለቀቁልኝ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአቤቱታውንም የሞታቸውንም ነገር አንገቴን ደፍቼ ተናዘዝኩ። የአቤቱታውን ፊርማ ያን ጊዜውኑ እንዳወቁት፣ ጽሑፌንም ከመግለጫው ጋር ተያይዞ እንዳነበቡት ነገሩኝ። ቀጥለውም፣ "ዳግመኛ ስትገድዪኝ ቀኑን ጻፊ፤ ቀን የሌለው ታሪክ ተረት ነው" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታ ከሁሉ ይከብዳል፤ ከሳሽም ተከሳሽም እኔ ነኝ። መምህሬ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ስለቀራቸው፣ እነዚህን ዓመታት እንኳ ክፍል ገብቼ ላስተምር ብለው ለትምህርት ጽሕፈት ቤት አመልክተው ነበር። መግለጫችሁ በግልባጭ እዚያ ስለደረሰ፣ አመልካቹ በሕይወት የሉም ተብሎ ማመልከቻቸው ተዘግቷል። ሄደው ቢያመለክቱ፣ በሕይወት መኖራቸውን ሞታቸውን ካሳወቀው ቢሮ እንዲያጽፉ ተነግሯቸዋል። ያ ቢሮ የእርስዎ ነው። በአንድ ፊርማ ከክፍል አስወጣኋቸው፤ በአንድ ጭረት ደግሞ በሩን ቆለፍኩባቸው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ስብሰባዎ በፈቀደልዎ ሰዓት፣ መምህሬ በሕይወት እንዳሉ የሚገልጽ አንድ መስመር ጽፈው ማኅተም እንዲያሳርፉበት እለምናለሁ። ዋሽታለች ብለው ስሜን ከተመራጮች ዝርዝር ቢሰርዙ አልከራከርም። ማስተማርን ከምንም ነገር በላይ እመኛለሁ፤ የእሳቸውን በር ቆልፌ ግን የትኛውም ክፍል ልገባ አልችልም።

ሞትን ያለ ማስረጃ በመቀበል ላሳዩት የዋህነት ከወገቤ ዝቅ ብዬ የማመሰግንዎ፣ በሕይወት መኖርንም በዚያው የዋህነት እንዲቀበሉ የምጠብቅ፣

አመልካችዎና ጥፋተኛዋ

ማሳሰቢያ፦ ያን ጊዜ ያላመጣሁትን የድጋፍ ደብዳቤ አሁን አያይዣለሁ። ጽፈው የፈረሙት ሟቹ ራሳቸው ናቸው፤ ቀንም አለው። ሙሉ ቃሉ ይህ ነው፦ "ሳታጣራ ትፈርማለች። ይህ በእናንተ ቢሮ ለመቀጠር ያበቃታል፤ ለማስተማር ግን አያበቃትም። ስለዚህ እባካችሁ አሠልጥኗት።"